ከእስክንድርያ የመጣ የኔሮ ሳንቲም፦ የጥንት ገንዘብ እንዴት ይነበባል?

በታሪክ ዓምዳችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነቶች ስናወራ ቆይተናል። ዛሬ የምናወራው ግን በሁለት ጣት ስለሚያዝ ትንሽ ነገር ነው። ስለ አንድ ሳንቲም! የተሠራው ከ1,950 ዓመታት በፊት በግብጽ፣ በእስክንድርያ ከተማ ነው። በላዩ ያለው ፊት የሮሙ ንጉሠ ነገሥት የኔሮ ነው፤ ጽሑፉ ግን ላቲን ሳይሆን ግሪክኛ ነው። ይህን ዓይነቱን ገንዘብ ሊቃውንቱ «የሮም ክፍለ ሀገራት ገንዘብ» ይሉታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ለብቻ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ሳንቲም? ለምትሉን መምህራን መልሳችን አጭር ነው። መጽሐፍ የለንም። አንድ የታሪክ መጽሐፍ ለአምስትና ለስድስት ተማሪ እየተዳረሰ ነው የምናስተምረው። ሳንቲም ግን ከፊትና ከጀርባ ሁለት ፎቶግራፍ ከተገኘለት ሙሉ ሰነድ ነው። ማን አወጣው፣ የት፣ መቼ፣ ከምን ማዕድን፣ ምን ብሎ ተናገረ፣ ሁሉም እዚያው ላይ አለ። ደግሞም የእስክንድርያን ሳንቲም ለማንበብ ከእንግሊዝኛ ይልቅ የግዕዝ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ይሻላል። ይህን ወደ ኋላ እናሳያችኋለን።

ወደዚህ ጉዳይ ያስገባን የገንዘብ ነገር ነው። ከተማሪዎቻችን አንዱ ካይሮ የሚኖር ዘመዱ በስልክ የላከለትን ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። ዘመድየው በስደተኝነት ነው ያለው። አንድ የመንገድ ነጋዴ ይህን ሳንቲም ሊሸጥለት ፈልጎ፣ የጠየቀው ዋጋ ደግሞ የሦስት ወር የቤት ኪራይ የሚሸፍን ነው። «ኔሮ ነው፣ ወርቅ ያወጣል፣ አውሮፓ ሲደርስ አሥር እጥፍ ይሸጣል» ተብሏል። ዘመድየው ያጠራቀማትን ይዞ መልስ እየጠበቀ ነበር። እኛ የሳንቲም ሊቃውንት አይደለንም፤ ዩኒቨርሲቲውንም ሳንጨርስ ነው የወጣነው። ይሁን እንጂ ታሪክ ያጠና ሰው ቢያንስ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል መጠየቅ ይችላል። ዋጋው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ነጋዴዎች የመጀመሪያ ያደርጉታል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየት ነው?» የሚለው ነው። ሮም ሰፊ ግዛት ነበራት፤ ነገር ግን ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ገንዘብ አላወጣችም። ወርቁና ዴናርዮስ የተባለው ብር የመላው ግዛት ገንዘብ ነበሩ። ከዚያ ሌላ ግን ከ500 የሚበልጡ ከተሞች፣ በተለይ በምሥራቁ በኩል፣ የራሳቸውን ሳንቲም ያስቀርጹ ነበር። አብዛኛው የመዳብና የነሐስ ዝርዝር ነው፤ አንዳንዱ ብር ያለበት ነው። ይህ አሠራር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከመጀመሪያው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ እስከ 296 ዓ.ም. ገደማ ዘልቋል። በምዕራቡ ክፍል የነበሩት ከተሞች ቀደም ብለው በመጀመሪያው መቶ ዓመት አጋማሽ አቁመዋል። ስለዚህ ግሪክኛ የተጻፈበት ሆኖ የሮም ንጉሠ ነገሥት ፊት ያለበት ሳንቲም ካያችሁ፣ የምሥራቅ ክፍለ ሀገር ገንዘብ ነው ብላችሁ ብትጀምሩ ብዙ አትስቱም።

የእነዚህ ሳንቲሞች ፊት አብዛኛውን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ ጀርባው የከተማይቱ ነው። በቀጰዶቅያ ያለችው ቂሣርያ ተራራዋን አርጌዎስን ትቀርጻለች፤ ኤፌሶን አርጤምስ የተባለችውን ጣዖቷን ትቀርጻለች፤ ሌላዋ ወንዟን፣ ሌላዋ መቅደሷን። ብዙዎቹ ስማቸውንም ይጽፋሉ፤ «የኤፌሶን ሰዎች» እንደማለት። ይህ ለአንባቢ ትልቅ እርዳታ ነው። የከተማይቱ ስም ከተገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ።

የእኛ ሳንቲም ግን የከተማ ስም የለውም። በፊት ገጹ ወደ ቀኝ የዞረ ወፍራም አንገት ያለው ሰው አለ፤ በራሱ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር የሾለ አክሊል ደፍቷል። ዙሪያውን የሚሄደው ጽሑፍ «ኔሮ» ብሎ ይጀምርና ቀላውዴዎስ፣ ቄሣር፣ ሴባስቶስ፣ ጌርማኒኮስ የሚሉትን ማዕረጎች እያሳጠረ ይቀጥላል። ሴባስቶስ የላቲኑ አውግስጦስ ግሪክኛ ነው። እዚህ ላይ ችግር የለም፤ ኔሮ ራሱን ደብቆ አያውቅም።

ጀርባው ላይ የሴት ራስ አለ፤ የዝሆን ቆዳ ለብሳለች፤ የዝሆኑ ኩምቢና ጥርስ ከግንባሯ በላይ ወጥቶ ይታያል። ከጎኗ «አውቶክራ» የሚል ጽሑፍ አለ። ተማሪዎቻችን ወዲያው «የከተማይቱ ስም አውቶክራ ነው!» አሉ። ጥሩ ግምት ነበር፤ ምክንያቱም ስሟ መሆን የነበረበት እዚያ ቦታ ነው። ነገር ግን «አውቶክራ» አውቶክራቶር ለሚለው አጭር ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው። የፊቱ ገጽ ማዕረግ ቦታ ሲጠበው ወደ ጀርባው ሞልቶ መፍሰሱ ነው እንጂ የከተማ ስም አይደለም። ሴትዮዋ ራሷ ናት ከተማይቱ። እስክንድርያ በሴት አምሳል ስትሣል የዝሆን ቆዳ ትለብሳለች። ይህ ልብስ ከታላቁ እስክንድር የወረሰችው ነው፤ ከሞተ በኋላ ግብጽን የያዘው ቀዳማዊ በጥሊሞስ እስክንድርን የዝሆን ቆዳ አልብሶ በገንዘቡ ላይ አስቀርጾት ነበር።

ዝሆን ካነሣን አይቀር፣ የእኛም አካባቢ በዚህ ውስጥ አለበት። የበጥሊሞስ ነገሥታት ለጦርነት የሚሆን ዝሆን የሚያስይዙት ከቀይ ባሕር ዳርቻና ከዚያ በስተ ውስጥ ካለው አገር ነበር። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ተጓዥ አዱሊስ ላይ ቆሞ ያገኘውንና የገለበጠውን የሣልሳዊ በጥሊሞስ የድንጋይ ጽሑፍ ያነበበ ሰው፣ ንጉሡ «የኢትዮጵያ ዝሆኖች» እያለ ሲኩራራ ያገኘዋል። (ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን ሁሉ ማለታቸው እንደሆነ አንርሳ።) እና ይህች ሴት በራሷ ላይ የተሸከመችው አውሬ ለእስክንድርያ ሰዎች የተረት አውሬ ብቻ አልነበረም። በመርከብ ተጭኖ ሲመጣ ያዩት አባቶች ነበሯቸው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ከሴትዮዋ ፊት ለፊት ሦስት ምልክቶች አሉ። ከላቲን ፊደል ጋር ብናነጻጽራቸው የመጀመሪያው «ኤል»፣ ሁለተኛው «አይ»፣ ሦስተኛው «ቢ» ይመስላሉ። አንዱ ተማሪ «ሊብ... ሊቢያ!» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ግን አሁንም ሞኝነት አልነበረም፤ ሊቢያ የግብጽ ጎረቤት ናት። እውነቱ ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ምልክት ፊደል አይደለም፤ በግብጽ «ዓመት» ለማለት የሚጻፍ ምልክት ነው። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ የግሪክ ፊደላት ዮታና ቤታ ናቸው፤ እዚህ ግን እንደ ቁጥር ነው የሚነበቡት። ዮታ 10፣ ቤታ 2። ስለዚህ «ዓመት 12»፤ ኔሮ በነገሠ በ12ኛው ዓመት ማለት ነው።

እስቲ በግዕዝ ቁጥር 12ን ጻፉ። ፲፪። የግዕዝ ቁጥሮች የተወሰዱት ከእነዚሁ የግሪክ ፊደላት ነው። ፩ አልፋ ነው፣ ፪ ቤታ፣ ፫ ጋማ፣ ፬ ዴልታ፣ ፭ ኤፕሲሎን፤ ፯ ዜታ፣ ፰ ኤታ፣ ፱ ቴታ፣ ፲ ዮታ፣ ፳ ካፓ። ፮ የመጣችው በግሪክኛ ንግግር ከጠፋችና ለቁጥር ብቻ ከቀረች ፊደል ነው። ከላይና ከታች የተሰመሩትን መስመሮች አንሱና አንዳንዶቹን አስተያዩ፤ ቤተሰብነታቸው በዓይን ይታያል። የአጻጻፉ ሥርዓትም አንድ ነው፦ በመጀመሪያ አሥሩ፣ ቀጥሎ አንዱ፣ ዜሮ የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ የዳዊት ምዕራፍ ቁጥር እያነበበ ያደገ ልጅ የእስክንድርያን የዓመት ጽሑፍ ለማንበብ የሚያስፈልገውን ስሌት በእጁ ይዞታል። የሚቀረው የግሪኩን ቅርጽ መልመድ ነው፤ ይህም የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው። እኛ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፈን ነው ያስተማርነው፤ ወደ ክፍሉ መጨረሻ ሲደርስ ከእኛ ቀድመው የሚያነቡ ነበሩ።

አንድ ቀልድ መሰል ነገር እግረ መንገዳችንን እንንገራችሁ። ዘጠነኛው ዓመት ላይ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ቴታን ብቻ ከመጻፍ «ዘጠነኛ» የሚለውን ቃል ሙሉውን በፊደል ይጽፉታል። ታናቶስ፣ ማለትም ሞት፣ የሚለው የግሪክ ቃል የሚጀምረው በቴታ ስለሆነ በንጉሥ ገንዘብ ላይ አልወደዷትም የሚል ማብራሪያ ይሰጣል። ቦታ ጠቦ ማዕረግ ወደ ጀርባ በሚዞርበት ሳንቲም ላይ ስድስት ፊደል ለመጨመር መድከም ቀላል ፍርሃት አይደለም!

12ኛው ዓመት መቼ ነው? ኔሮ የነገሠው ጥቅምት 13 ቀን 54 ዓ.ም. ነው (በዚያን ጊዜው የሮማውያን ወር)። ብዙ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ 12 ይቆጥራል። በግብጽ ግን እንዲያ አይቆጠርም። የግብጽ ዓመት የሚጀምረው በሮማውያኑ ነሐሴ 29 ነው። ንጉሡ የነገሠበት ቀን ምንም ይሁን ምን፣ እስከዚያ አዲስ ዓመት ያለው ጊዜ «ዓመት 1» ይባላል፤ ከአዲስ ዓመት ጀምሮ «ዓመት 2» ነው። ስለዚህ የኔሮ አንደኛ ዓመት ጥቅምት 54 ጀምሮ ነሐሴ 55 ያልቃል፤ 12ኛው ዓመት ከነሐሴ 65 እስከ ነሐሴ 66 ነው።

ይህ የነሐሴ 29 ነገር ባዕድ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ያ ቀን መስከረም 1 ነው! የእኛም የግብጽ ቅብጦችም ዘመን አቆጣጠር የተገኘው ከዚሁ የእስክንድርያ አቆጣጠር ነው፤ 12 ወር ባለ ሠላሳ ቀን፣ ከዚያም ጳጉሜን። በሮማውያኑ አሮጌ አቆጣጠር ነሐሴ 29 የነበረው ዛሬ ፈረንጆቹ ካላንደራቸውን ካስተካከሉ በኋላ መስከረም 11 ላይ ይውላል እንጂ ቀኑ ያው ነው። እንግዲህ ይህ ሳንቲም የተመታበት ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 58 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። የአውሮፓ መጻሕፍት «65/66» እያሉ በእዝባር የሚጽፉት የእነሱ ዓመት ስለሚከፈል ነው። በእኛ ግን አንድ ሙሉ ዓመት ነው።

ይህ ደንብ ካልታወቀ ሰው በጣም ይሳሳታል። ከኔሮ በኋላ የመጣው ጋልባ ከሰኔ 68 እስከ ጥር 69 ድረስ ሰባት ወር ብቻ ነው የገዛው። የእስክንድርያ ሳንቲሞቹ ግን «ዓመት 1» እና «ዓመት 2» ይላሉ። ደንቡን ያላወቀ ሰው «ሐሰተኛ ነው» ብሎ ይጥለዋል። መስከረም 1ን የሚያውቅ ሰው ግን በመካከሉ አዲስ ዓመት መግባቱን ወዲያው ይረዳል።

በሌላ በኩል በሳንቲም ላይ የተጻፈ ቀን ሁልጊዜ ይታመናል ማለት አይደለም። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አያቶቻችን «ማርትሬዛ» ይሉት የነበረው የኦስትሪያ ብር ሁሉም 1780 ይላል፤ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ግን በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤ ሳይቀር ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲመቱት ኖረዋል። የአገራችን ገበሬና ነጋዴ የለመደውን መልክ ካልሆነ አልቀበልም ስላለ ነው። እስክንድርያ ግን ቁጥሩን በየዓመቱ ትቀይር ነበር። ለታሪክ አጥኚ ዋጋዋ ከብዙ ከተሞች የሚበልጠውም በዚህ ነው።

በዚያ 12ኛ ዓመት ምን ነበር? በ64 ዓ.ም. ሐምሌ ሮም ተቃጥላ ነበር። በ66 ዓ.ም. በይሁዳ ምድር አመፅ ተነሣ፤ እሳቱ ወደ እስክንድርያም ደረሰ። በግሪኮችና በአይሁድ መካከል ጠብ ሲነሣ የግብጽ ገዥ የነበረው ጢባርዮስ ዩልዮስ እስክንድር ወታደሮቹን በአይሁድ ሰፈር ላይ ለቀቀ። ሰውየው ራሱ ከእስክንድርያ አይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ነበር። ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን እያልን የምንጠራው ያ የጥንት ጸሐፊ፣ ዮሴፉስ፣ የሞቱትን 50,000 ያደርሳቸዋል፤ ቁጥሩ ተጋንኗል ቢባል እንኳ ጭፍጨፋው አይካድም። አሁን ሳንቲሙን ተመልከቱት። ሴትዮዋ ረጋ ብላ ወደ ቀኝ ታያለች። ምንም አልሰማችም። ሳንቲም የመንግሥት ቃል ነው፤ ሰፈር ሲቃጠል አይናገርም። ስለዚህ ተማሪ «ሳንቲሙ እንዲህ ይላል» ሲል መምህሩ «ማን ነው ያናገረው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ቀጣዩ ነገር ሚዛን ነው። ይህ ዓይነቱ ሳንቲም ቴትራድራክም ይባላል፤ አራት ድራክም ማለት ነው። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 13 ግራም ገደማ ነው፤ ስፋቱ ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል። የብር ገንዘብ ይባል እንጂ በኔሮ ዘመን ከክብደቱ ብሩ ስድስተኛ እጅ ያህል ቢሆን ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። «ወርቅ ያወጣል» ላለው ነጋዴ ይህ ብቻውን በቂ መልስ ነበር። ሮማውያን ግብጽን ከሌላው ግዛት በገንዘብ ለይተው አጥረዋት ነበር፤ ይህ ገንዘብ ከግብጽ ውጭ እንዲሠራበት አልታሰበም፤ ነጋዴም ሲገባ ገንዘቡን መቀየር ነበረበት። በእጃችን የቀረው የአገራችን ብር ኬላ ስንሻገር ምን ያህል እንደረከሰ የምናስታውስ ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ይገርማችኋል፣ ኔሮ በ68 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ስሙ ቢጠላም ገንዘቡ በግብጽ ከመቶ ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። ምክንያቱ ብዛቱ ነው፤ ደግሞም ከእሱ በኋላ በመጡት ላይ ብሩ እያነሰ ሄደ። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዲዮቅልጥያኖስ ጊዜ ያው ቴትራድራክም የሚባለው ሳንቲም ከ7 እስከ 8 ግራም የምትመዝን፣ ብር የለባትም የምትባል ትንሽ ወፍራም ቁራጭ ሆናለች። ስሙ ቀረ፣ ነገሩ አለቀ። የገንዘብ መርከስ በአዲሱ ዘመን የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ ሁለቱን በሚዛን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው። የሚያሳዝነው ሚዛን በፎቶግራፍ አይላክም።

ሐሰተኛነትም እንደዚሁ በፎቶግራፍ ብቻ አይለይም። በእጅ ሲያዝ ግን የሚታዩ ነገሮች አሉ። የጥንቱ ሳንቲም በሁለት የተቀረጹ ብረቶች መካከል በመዶሻ የተመታ ነው፤ ስለዚህ ፊደሎቹ ጠርዛቸው የተቆረጠ ነው፣ ሳንቲሙም ክብነቱ ፍጹም አይደለም፣ ሥዕሉም አንዳንዴ ከመሃል ይወጣል። ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ እንጀራ ዓይን ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ በጠርዙ ዙሪያ የተሞረደ መስመር፣ የቀለጠ ሳሙና የመሰለ ፊደል ይታይበታል። የእስክንድርያ ሠራተኞች ደግሞ ሁለቱን ብረቶች ብዙውን ጊዜ አስተካክለው ስለሚያቆሟቸው፣ ሳንቲሙን እንደ መጽሐፍ ገጽ ስትገልጡት የጀርባው ሥዕልም ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል። ሁለት ሳንቲሞች በጭረታቸው ሳይቀር አንድ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ ቢያንስ አንዱ ሐሰት ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ጠባሳ አይኖረውም።

የቆሸሸ ሳንቲም ያገኘ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ማጠብ ነው። እባካችሁ! ድስት በአመድ እንደሚፈተገው ሳንቲም አይፈተግም፤ በሎሚም አይነከርም። ብርና መዳብ የተቀላቀለበት ሳንቲም ላይኛው ቆዳው ከሄደ የዓመቱ ቁጥር አብሮ ይሄዳል። ያኔ የሚያብረቀርቅ ነገር ግን የማይናገር ብረት ይቀራችኋል። ለእኛ ፊቱ የጠፋ ግን ሁለቱ የቁጥር ፊደላት የሚነበቡ ሳንቲም፣ ፊቱ አምሮ ቁጥሩ ከጠፋው ይበልጣል። ሰብሳቢዎች በዚህ አይስማሙም፤ እነሱ ለቆንጆው ነው የሚከፍሉት።

አሁን ዋጋው። የኔሮ 12ኛ ዓመት ከእስክንድርያ ከሚገኙት በጣም የተለመዱት አንዱ ነው። እውነተኛ ቢሆን እንኳ ያረጀው ዓይነት በሕጋዊ ገበያ ከመቶ ዶላር በታች ሲሸጥ የሚታይ ነው። ታዋቂ ንጉሥ ማለት ውድ ሳንቲም ማለት አይደለም፤ ዋጋ የሚወስነው የቀሩት ብዛት፣ ያሉበት ሁኔታና ታሪካቸው ነው። ታሪካቸው ስንል ከማን እጅ ወደ ማን እጅ በሕግ እንደተላለፉ ማለታችን ነው። የግብጽ የ1983ቱ 117ኛ ሕግ ጥንታዊ ቅርስን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ንግዱን አግዷል፤ ከአገር ማውጣትም ወንጀል ነው። ኢትዮጵያም የ2000 ዓ.ም. (በእኛ 1992) አዋጅ ቁጥር 209 አላት፤ ኬንያ የ2006 የሙዚየሞችና የቅርስ ሕግ አላት። የመኖሪያ ወረቀቱ ራሱ በየጊዜው የሚታደስ ሰው በኪሱ የግብጽ ቅርስ ይዞ አየር ማረፊያ ሲቆም የሚጠብቀውን ለዘመዳችን በዝርዝር ጻፍንለት። አልገዛውም። ነጋዴው በማግሥቱ ዋጋውን በግማሽ ቀንሶ መጣ ብሎ ጻፈልን፤ ይህም ራሱን የቻለ መልስ ነው።

ሕጉ ግን ለፖሊስ ብቻ አይደለም የወጣው። ሳንቲም ከመሬት ሲወጣ ከጎኑ ምን ነበር፣ በማሰሮ ነበር ወይስ በመቃብር፣ ከየትኞቹ ሳንቲሞች ጋር ነበር የሚለው ካልተጻፈ ከታሪኩ ትልቁ ክፍል ይጠፋል። በ1940 ዓ.ም. በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ከመቶ በላይ የኩሻን መንግሥት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተው ነበር፤ ኩሻን በሰሜን ሕንድና በአካባቢው የነበረ መንግሥት ነው። እነዚያው ሳንቲሞች በአንድ የአውሮፓ ሱቅ መስኮት ቢታዩ «የሕንድ ወርቅ» ከመባል አያልፉም። ደብረ ዳሞ መገኘታቸው ስለተጻፈ ግን የሰሜን ኢትዮጵያና የሕንድ ግንኙነት ምስክር ሆነዋል። የስደተኛ ምዝገባ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየት መጣህ?» የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሳንቲምም ያንኑ ይጠየቃል፤ ልዩነቱ እሱ አፍ ስለሌለው ያወጣው ሰው ካልመሰከረለት ለዘለዓለም አገር አልባ ሆኖ መቅረቱ ነው።

የእስክንድርያው ገንዘብ ከግብጽ አይወጣም ብለናል። ታዲያ በዚያ ዘመን በእኛ በኩል በምን ይገበያዩ ነበር? በኔሮ ዘመን አካባቢ የተጻፈው «ፔሪፕሉስ» የተባለው የቀይ ባሕር የነጋዴዎች መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ልብስ፣ ብርጭቆ፣ መዳብና ብረት ይቆጥርና፣ እዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች ጥቂት የሮም ገንዘብ እንደሚገባ ይጠቅሳል። ጥቂት ነው፣ ያውም ለእንግዶች። በአካባቢው የነበረው ንጉሥ ዞስካሌስ የግሪክ ፊደል ያውቅ እንደነበርም ይጽፋል። አክሱም የራሷን ገንዘብ የጀመረችው ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ቆይታ፣ በ270 ዓ.ም. ገደማ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ነው። በግሪክ ፊደል፣ በወርቅ ጭምር። ጊዜውን ልብ በሉ፦ የምሥራቅ ከተሞች አንድ በአንድ ገንዘብ መምታት በሚያቆሙበት በዚያው ሠላሳ ዓመት ውስጥ ነው አክሱም የጀመረችው። የእነሱ ሳንቲም የሮምን ንጉሥ ፊት የተሸከመ የክፍለ ሀገር ገንዘብ ነበር፤ የእንዱቢስ ሳንቲም ግን በሁለቱም ገጽ የእንዱቢስን ፊት ነው የያዘው።

ለመምህራን አንድ ሐሳብ እናክል። ጥንታዊ ሳንቲም ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። በ1969 (በእኛ አቆጣጠር) የወጡት የኢትዮጵያ ሳንቲሞች ዓመታቸው በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ነው፤ በካምፑ ውስጥ ያላቸው ሰዎች አይጠፉም። ከእነሱ በፊት የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱን መልክ ይይዙ ነበር፤ በእነዚህ ላይ የአንበሳ ራስ ገባ። የኬንያንም ጨምሩ፤ የ2010ሩ ሕገ መንግሥት የሰው መልክ በገንዘብ ላይ እንዳይወጣ ስለከለከለ ከ2018 ወዲህ የወጡት ሳንቲሞች በፕሬዚዳንቶች ፈንታ የዱር አራዊት አሏቸው። ሁለት ሁለት ተማሪ አንድ ሳንቲም ይያዝና በዚህ ጽሑፍ ቅደም ተከተል ይጠይቀው። ዋጋው ስንት እንደሆነ የጠየቀ ቡድን ከመጀመሪያው ይጀምር።

ጥያቄም እንተውላችሁ። አንጦኒኖስ ጲዮስ የነገሠው ሐምሌ 10 ቀን 138 ዓ.ም. ነው (በሮማውያኑ ወር)። በእስክንድርያ በተመታ አንድ ቴትራድራክሙ ጀርባ ላይ ፊኒክስ የተባለችው ወፍ በራሷ ዙሪያ ጨረር ይዛ ቆማለች፤ «አዮን»፣ ማለትም ዘመን፣ የሚል ተጽፎባታል፤ ከጎኗ የዓመት ምልክትና ቤታ አሉ። ሳንቲሙ የተመታው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው? በእኛ አቆጣጠርስ ስንት ዓ.ም. ነው? አንደኛው ዓመትስ ስንት ቀን ነበር የፈጀው? ስሌታችሁን ከነመንገዱ በወረቀት ጽፋችሁ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ባለው ሣጥን አስገቡልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።